ሃያ ሁለት ቤቶች በሆልማን ጎዳና

«ኪነት ለማን?» የሚለው ጥያቄ በተማሪ መካከል ሲነሳ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ግማሹ «ለሕዝብ!» ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ግማሹ «ኪነት ለራሱ ለኪነት» ብሎ ያኮርፋል፤ በዚህ መሀል ሻዩ ይቀዘቅዛል፥ የላይብረሪ ሰዓት ይደርሳል፥ ሁሉም የያዘውን ይዞ ወደ ዶርሙ ይሄዳል። ክርክሩን አልንቅም፤ እኔም ስደበድብ ከነበሩት ወገን ነኝ። ነገር ግን ጥያቄው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከሚቀር፥ በአንድ ቦታ፥ በታወቀ ዘመን፥ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰዎች እንዴት እንደመለሱት ብናይ የሚሻል ይመስለኛል።

ቦታው በአሜሪካ አገር፥ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፥ በሂዩስተን ከተማ ነው። ሰፈሩ ሰርድ ዋርድ ይባላል፤ «ሦስተኛው ቀበሌ» ብንለው ትርጉሙ ብዙም አይርቅም። ነገሩም «ፕሮጀክት ሮው ሃውስስ» ይባላል፤ በኛ አፍ የረድፍ ቤቶች ፕሮጀክት ማለት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። ፈረንጆቹ አንድን አርቲስት ከኑሮው ጣጣ አውጥተው፥ ማደሪያና መሥሪያ ክፍል ሰጥተው፥ ለጥቂት ወራት «ነዋሪ» አድርገው የሚያስቀምጡበት የቆየ ሥርዓት አላቸው። ከታወቁት አንዱ በ1907 በኒው ሃምፕሸር ጫካ ውስጥ የተቋቋመው ማክዶዌል ነው። እዚያ ደራሲው ወይም ሠዓሊው ለብቻው በተሠራ ጎጆ ይቀመጣል፤ ሐሳቡ እንዳይቋረጥ ምሳው በቅርጫት ሆኖ በሩ ላይ ይቀመጥለታል። አንኳኩቶ የሚያውከው የለም። መቼም ምሳ በሩ ድረስ ሲመጣለት ማን ይጠላል! ብዙ ጥሩ ሥራም ከዚያ ወጥቷል፤ አልክድም። የሰርድ ዋርዱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ነዋሪ አርቲስት ማለት ጎረቤት ያለው አርቲስት ማለት ነው፤ የሚያንኳኳ ጎረቤት።

የቤቶቹን ነገር ካላስረዳሁ የቀረው አይገባም። በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮች የሚኖሩበት «ሾትገን» የሚባል የቤት ዓይነት አለ። ፊቱ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን ይረዝማል። ኮሪደር የለውም፤ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው፥ ሌላውም ወደሚቀጥለው ያስገባል። በሮቹ በአንድ መስመር ስለሚገጥሙ ከፊት በር የተተኮሰ ጥይት ግድግዳ ሳይነካ በጓሮ በር ይወጣል ይላሉ፤ ስሙም ከጠመንጃው የመጣው በዚህ ነው ይባላል። ከፊቱ በረንዳ አለው። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚቆሙ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ሳል ሳይቀር ይሰማል። በ1970ዎቹ ጆን ማይክል ቭላች የተባለ ተመራማሪ የዚህን ቤት ዘር ሲቆጥር ከኒው ኦርሊንስ ወደ ሄይቲ፥ ከሄይቲም ወደ ምዕራብ አፍሪካ፥ ወደ ዮሩባ ቤት አሠራር ወሰደው። እንግዲህ ከተማው «ቆሻሻ» ብሎ ሊያፈርሰው የተነሳው ቤት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ታሪክ ተሸክሟል ማለት ነው።

ሰፈሩም እንደዚሁ ነው። ሊንከን የነፃነት አዋጁን ያወጣው በጥር 1863 ነበር፤ የቴክሳስ ባሮች ግን ነፃ መሆናቸው በይፋ የተነገራቸው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፥ ሰኔ 19 ቀን 1865 ከሂዩስተን ብዙ በማይርቀው በጋልቨስተን ወደብ ነው። በ1872 ከባርነት የወጡ የሂዩስተን ሰዎች፥ በቄስ ጃክ ዬትስ መሪነት፥ ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተው አሥር ኤከር መሬት ገዙ። ለምን? የነፃነታቸውን ቀን የሚያከብሩበት ስፍራ እንዲኖራቸው! ቦታውንም የነፃነት መናፈሻ አሉት። ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ትናንት ራሳቸው ንብረት የነበሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው በጋራ ከገዙት ነገር አንዱ የሚሰበሰቡበት መሬት ነው። መሬቱ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ዩኒቨርሲቲውም የሰፈሩ ነው፤ አመሠራረቱ ግን የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። በ1946 ሂማን ስዌት የተባለ የሂዩስተን ፖስታ አዳይ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲቀበለው አመለከተ። ጥቁር ነህና አይሆንም አሉት። እሱም ከሰሰ። ክፍለ ግዛቱ «ለጥቁሮችም እኮ የራሳቸው ትምህርት ቤት አለን» ለማለት እንዲመቸው ሲል በ1947 በችኮላ በሂዩስተን አንድ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ስዌት ግን አልተታለለም፤ በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲም፥ ለማስቀረት የተፈጠረው ነገር፥ ሥር ሰደደ። ዛሬ ቴክሳስ ሰዘርን ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

በ1949 ወደዚያ የሥነ ጥበብ ክፍል ሊያቋቁም አንድ ወጣት ሠዓሊ መጣ፤ ጆን ቢገርስ ይባላል። ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። በሰሜን ካሮላይና፥ በጋስቶኒያ ከተማ፥ ራሱም በሾትገን ቤት የተወለደ ሰው ነው። በተማሪነቱ በሃምፕተን ኮሌጅ ሳለ ከናዚ ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሎወንፌልድ አስተማረው፤ ቻርልስ ኋይትና ኤሊዛቤት ካትሌትም እዚያው ነበሩ። ሁለቱ በኋላ ወደ ሜክሲኮ ሄደው በ1937 ከተቋቋመው የሕዝብ የኅትመት ሥዕል ወርክሾፕ ጋር የሠሩ ናቸው። የሜክሲኮ ሠዓሊዎች ሥዕልን ከሳሎን አውጥተው በአደባባይ ግድግዳ ላይ የለጠፉት፥ ማንበብ ለማይችል ገበሬና ሠራተኛ ብለው ነበር። ያ ትምህርት በነዚህ ሰዎች በኩል ሰርድ ዋርድ ደረሰ።

ቢገርስ ሂዩስተን እንደገባ ከተማሪዎቹ ጋር ግድግዳ ይዞ ተነሳ። በ1953 በሰፈሩ ብሉ ትራያንግል በሚባለው የሴቶች ማኅበር አዳራሽ የጥቁር ሴቶችን ታሪክ በአንድ ሰፊ ግድግዳ ላይ ሣለ። በዩኒቨርሲቲውም ተማሪው ከመመረቁ በፊት በሃና ሆል ኮሪደር ላይ የግድግዳ ሥዕል እንዲሠራ ያደርግ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን በመደርደሪያ ከመቅበር፥ በየቀኑ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ! ይሄ ዓይነት ፈተና ለኛ ቢታዘዝልን ስንቶቻችን እንደምናልፍ እንጃ። በ1957 ቢገርስ በዩኔስኮ ድጋፍ ምዕራብ አፍሪካን አየ፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ ላይ የሰርድ ዋርድ በረንዳና የአፍሪካ መንደር አብረው መታየት ጀመሩ። በ1987 «ሾትገንስ» በተባለው ሥዕሉ ጣሪያዎቹ እንደ ጥልፍ ጥለት ተደርድረው፥ ሴቶች በየበረንዳው ቀጥ ብለው ቆመው፥ በእጃቸው ትንንሽ ቤቶች ይዘው ይታያሉ። ቤቱ የድህነት ምልክት ሳይሆን የተቀደሰ ነገር ሆኖ ነው የቀረበው።

ይህ ሁሉ ግን በሰላም ሰፈር የተከናወነ እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 1967 ላይ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ፖሊስ ተጋጩ። ሌሊቱን ፖሊስ በወንዶች ዶርሚተሪ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጥይት ተኮሰ፤ አንድ ፖሊስ ሞተ፤ ከአራት መቶ ሰማንያ በላይ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዕቃቸው ተሰባበረ። አምስት ተማሪዎች በነፍስ ግድያ ቢከሰሱም ክሱ በመጨረሻ ውድቅ ሆነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በሐምሌ 1970 ካርል ሃምፕተን የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት የፖለቲካ መሪ በዚያው ሰፈር፥ በዳውሊንግ ጎዳና፥ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። በ1969 የተከፈተው ሼፕ የተባለው የሰፈር ማዕከልም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ የሚውሉበት፥ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፥ አቤቱታ የሚጻፍበት ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ የታወቀው መጣ። የመለያየት ሕግ ሲነሳ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፤ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ሰንጥቆ አለፈ፤ ሱቆች ተዘጉ። ባለቤቶቻቸው እዚያ የማይኖሩ ቤቶች ጣሪያቸው እየወደቀ የዕፅ መሸጫ ሆኑ።

ሪክ ሎው ወደ ሂዩስተን የመጣው በዚህ ጊዜ፥ በ1985 ነው። የአላባማ ገጠር ልጅ ነው፤ ሥዕል ተምሯል። ሥራው በግልጽ የፖለቲካ ነበር፤ ትልልቅ ሸራ፥ ከካርቶንና ከእንጨት የተቆረጡ የሰው ምስሎች፥ የፖሊስ ዱላ፥ ድህነት። በኛ አነጋገር «ለጭቁኑ የቆመ» ሠዓሊ ነው። ሥራው ተወደደለት፥ ታየለት። እንግዲህ አንድ ተራማጅ ሠዓሊ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቅበታል?

በ1990 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መሥሪያ ክፍሉን ሊጎበኙ መጡ። ሎው ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው ከተማሪዎቹ አንዱ ሥራውን አይቶ የሚከተለውን ይመስል ነገር አለው፦ ሥዕሎችህ በሰፈራችን የሚሆነውን ያሳያሉ፥ እውነት ነው፤ ግን እኛ እኮ እዚያው ስለምንኖር እናውቀዋለን፤ አርቲስት ፈጣሪ ከሆነ ለምን መፍትሔ አይፈጥርም?

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ልጅ ነው። ስሙ በየመጽሐፉ አልተጻፈም። ሎው የሚሊዮን ሰው ምስክርነት ሳይሆን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው እጁን ከሸራ ላይ ያነሳው። ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችን ጭቆናን የሚያሳይ ግጥም ስንጽፍ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ልጁ ግን «ለማን ነው የምታሳየው?» ነው ያለው። ጭቆናን ለተጨቋኙ ማሳየት ለታመመ ሰው ሕመሙን እንደመግለጽ ነው፤ ይሰማዋል እኮ! ያን ሥዕል እንደ አዲስ ነገር የሚያየው የማያውቀው ሰው፥ ማለትም በሌላ ሰፈር ያለ ገዥና ተመልካች ነው። ስለዚህ «ለሕዝብ» የተባለው ሥዕል ተመልካቹ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ሎው የግል ሥዕሉን ትቶ በሼፕ ማዕከል በበጎ ፈቃድ ይሠራ ጀመር፤ ወደ ቢገርስም እየሄደ ተማረ። የጀርመኑን የዮዜፍ ቦይስን «ማኅበራዊ ቅርፃ ቅርፅ» የሚል ሐሳብም አነበበ፤ ሰዎች አብረው ኑሯቸውን ሲያበጁ እሱም ቅርፅ ማውጣት ነው የሚል ሐሳብ ነው። ሁለቱን አጋጠማቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ ቦይስን ያነበበ ብዙ ነው፤ ቢገርስን ግን በአጠገቡ ያገኘ ጥቂት ነው።

በዚሁ ጊዜ የከተማው ሹማምንትና የሰፈር ሰዎች በአውቶቡስ ሆነው በሰፈሩ ውስጥ አደገኛ ናቸው የሚባሉ ቤቶችን ሲቃኙ፥ ሎውም ነበረበት። ከሁሉ የባሱት ተብለው የተጠቆሙት በሆልማን ጎዳና የተደረደሩት ሃያ ሁለት ሾትገን ቤቶች ናቸው፤ በ1930ዎቹ የተሠሩ፥ ባዶ፥ የፈራረሱ። ሌላው ሰው ያየው ቡልዶዘር የሚጠይቅ ቦታ ነበር። ሎው ግን የቢገርስን ሥዕል አየ።

በ1993 ነገሩ ተጀመረ። ብቻውን እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ጋዜጣ አንድ ጀግና ስለሚወድ የቀሩትን ይረሳል። ሰባት ጥቁር አርቲስቶች ነበሩ፦ ጄምስ ቤቲሰን፥ በርት ሎንግ፥ ጄሲ ሎት፥ ፍሎይድ ኒውሰም፥ በርት ሳምፕልስ፥ ጆርጅ ስሚዝና ራሱ ሎው። ዴቦራ ግሮትፌልድት ደግሞ የአስተዳደሩንና የገንዘቡን ሥራ ከሎው ጋር ይዛ አቋቋመች። ቤቶቹን መጀመሪያ በኪራይ፥ በኋላም ለመግዛት ውል ተዋዋሉ። ከዚያም ጽዳት ነው፦ የበሰበሰ ወለል ማንሳት፥ ሲሪንጅ መልቀም፥ ሳር ማጨድ። በሳምንቱ መጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ሰው፥ ተማሪ፥ ጎረቤት እየመጣ አገዘ፤ ደቦ ነው በአጭሩ። የሜኒል ሙዚየም ሠራተኞች አንዱን ቤት በራሳቸው እጅ አደሱ። ከመንግሥት የኪነት ድጋፍ ገንዘብ መጣ፤ አሞኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያም የቤቶቹን የውጭ ገጽ በማደስ ረዳ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ ጆሯቸውን ያቆማሉ፦ «የነዳጅ ኩባንያ!» ልክ ነው፥ ይቆረቁራል። ሂዩስተን የነዳጅ ከተማ ናት፤ እዚያ ከነዳጅ ያልተነካካ ዶላር መፈለግ ከባሕር ያልረጠበ ዓሣ መፈለግ ነው። እኔ የምጠይቀው ቀለሙን ማን ገዛ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ማን ያዘ ብዬ ነው። ቀለሙ ታድሶ ቤቱ ለኩባንያው እንግዳ ማረፊያ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አልነሳም ነበር።

በጥቅምት 1994 የመጀመሪያው ዙር ተከፈተ። «ዙር» የሚሉት አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከቤቶቹ የተወሰኑት ለአርቲስቶች ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ቤት ለብቻው ለጥቂት ወራት ይይዛል፤ ሥራውን በግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሳይሆን ቤቱን ራሱን፥ ወለሉን፥ መስኮቱን፥ ጣሪያውን የሥራው አካል የሚያደርግ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ግድግዳው በነጭ ይቀባና ሌላ ይመጣል። መግቢያ አይከፈልም። ሙዚየም ስትገባ የምትፈራው ዘበኛ የለም። ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ሕፃን ቦርሳውን እንደያዘ ገብቶ «ይሄ ምንድነው?» ይላል፤ አርቲስቱም መልስ ሊኖረው ይገባል። ከሩቅ ከተማ የመጣ ስመ ጥር ሰው ስለ ሰፈሩ ምንም ሳይጠይቅ የራሱን ነገር ዘርግቶ ሲሄድ ጎረቤቱ ያውቅበታል፤ በረንዳ ላይ የሚባለው ሐሜት ከማንኛውም የጋዜጣ ሂስ የከረረ ነው።

የኛም ሰው በዚያ አልፋለች። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሂዩስተን ግላሰል ትምህርት ቤት ኮር በሚባለው የአርቲስቶች ፕሮግራም ሳለች በእነዚህ ቤቶች ሥራዋን በ1999 አሳይታለች። ስሟ ዓለም ከመስማቱ በፊት ነው። ከተማና ሕንፃ፥ ስደትና ግርግር እየተደራረበ የሚታይበት ሥዕሏ ላይ የሆልማን ጎዳና ምን ያህል እንደተረፈ መናገር አልደፍርም፤ ነገር ግን ስደተኛ ልጅ በዚያ በር ማለፏ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1996 ከቤቶቹ ሰባቱ ለሥዕል ሳይሆን ለሰው ተሰጡ፦ ለወጣት እናቶች። ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ፥ ትምህርታቸውን መጨረስ የሚፈልጉ ወጣት ሴቶች ከነልጆቻቸው ገብተው በትንሽ ወጪ ይኖራሉ፤ ይማራሉ፤ ምክር ያገኛሉ፤ እርስ በርስ ልጅ ይጠባበቃሉ። በረንዳቸው ከአርቲስቶቹ በረንዳ ጋር በአንድ ረድፍ ነው፤ ማን አርቲስት ማን እናት እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። ከእነዚያ እናቶች አንዷ በኋላ በሶሲዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ይዛ፥ ዩኒቨርሲቲ አስተምራ፥ ወደዚያው ሰፈር ተመልሳ ለመሬትና ለቤት ጉዳይ ስትታገል ታየች።

«ታዲያ ይሄ ሥነ ጥበብ ነው ወይስ የበጎ አድራጎት ሥራ?» የሚል ሙግት ወዲያው ተነሳ፤ እስከ ዛሬም አላባራም። ሙዚየሞች ሎውን ሲጋብዙት እናቶቹን እንዴት «እንደሚያሳዩ» ግራ ይገባቸዋል፤ ሰው በመስታወት ሣጥን አይቀመጥም። በበኩሌ ሁለቱንም ወገን አልወድም። «ይህ ሥነ ጥበብ አይደለም» የሚለው ሥዕልን የሚያውቀው በፍሬም ብቻ ነው። «እናቶቹ ራሳቸው የሥነ ጥበቡ አካል ናቸው» የሚለው ደግሞ አላወቀውም እንጂ የሰውን ኑሮ የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ይፈርማል። አንዲት እናት ሌሊት ልጇን አስተኝታ ስታጠና ሥራው የማን ነው? የሷ ነው! የአርቲስቶቹ ሥራ ያ ጠረጴዛና ያ መብራት በዚያ ቤት እንዲኖር፥ ቤቱም ቆንጆ እንዲሆን ማድረጋቸው ነው። ቆንጆ የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ለድሃ የሚሠራ ቤት አስቀያሚ መሆን አለበት የሚል ሕግ ያለ ይመስል፥ በየአገሩ የድሃ ቤት ሣጥን ነው። እዚህ ግን መስኮቱ የሚገባው ብርሃን፥ የበረንዳው ምሰሶ፥ የነጩ ቀለም አጣጣል በሠዓሊ ዓይን የታየ ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ሥራው ግን የራሱን ጠላት ይዞ መጣ። ሰፈሩ ሲያምር፥ መሀል ከተማም ቅርብ በመሆኑ፥ መሬት ፈላጊ መጣ። ባዶ ቦታ ይገዛ፥ ሾትገን ይፈርስ፥ ሦስት ፎቅ ቤት ይቆም ጀመር። አንድ አሮጊት አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት ግብሩ ሲንር ትለቃለች፤ የሸሸችው ግን ከዕፅ ሻጭ ሳይሆን ከውበት ነው። አርቲስት የገባበት ድሃ ሰፈር ሁሉ ይህን ዕጣ እንደሚያይ በኒው ዮርክም በሌላም ከተማ ታይቷል። አርቲስቱ ቀድሞ ይገባል፥ ቡና ቤት ይከተለዋል፥ ከዚያ ባለ ገንዘብ ይመጣል፤ በመጨረሻ አርቲስቱም ድሃውም አብረው ይወጣሉ።

የሰርድ ዋርድ ሰዎች ብልሃታቸው ይህን ቀድመው ማየታቸው ነው፤ የ1872ቱን ትምህርት አልረሱም። መሬት ገዙ። ከራይስ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ጋር ሆነው፥ የሾትገንን ቅርፅ ሳይለቁ በትንሽ ወጪ የሚቆም አዲስ ቤት ሠሩ። (ተማሪዎች ነድፈው በእጃቸው መሥራታቸውን እዚህ ላይ አስምሩልኝ።) በ2003 ደግሞ ከኪነቱ ድርጅት የተለየ የቤቶች ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራው በአነስተኛ ኪራይ የሚከራዩ ቤቶችን መሥራትና መያዝ ነው። ከአንድ ብሎክ ተኩል የተነሳው ነገር እያደገ አምስት ብሎክና ወደ አርባ የሚጠጋ ቤት ደረሰ። ይህ የገበያውን ማዕበል አቁሟል ብል ውሸታም እሆናለሁ፤ ዙሪያው በአዲስ ፎቅ ተከቧል፥ ሰፈሩም ነጣ ብሏል። ነገር ግን በመሀሉ ያለው መሬት አይሸጥም። ሥዕሉን ሰርተው መሬቱን ለሌላ ቢተዉ ኖሮ ዛሬ ስለ እነሱ የምናነበው በሆቴል በር ላይ በተለጠፈ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ይሆን ነበር።

ሌሎች ከተሞችም ሊቀዱት ሞክረዋል፤ በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር ተጀምሮ ያልዘለቀ አለ፤ በቺካጎ ቲያስተር ጌትስ የተባለው አርቲስት በራሱ መንገድ የሄደበት አለ። በዝርዝሩ አልገባም። ከእናቶቹ ቤት ይልቅ ፎቶግራፉን የቀዱት ብዙዎች ናቸው።

ክብሩም መጣ። በ2014 ሎው «የሊቃውንት ሽልማት» የሚሉትን የማክአርተርን ሽልማት አገኘ። በ2017 ዳውሊንግ ጎዳና፥ ስሙ ለባርነት ከተዋጋ መኮንን የተወሰደው ጎዳና፥ ስሙ ተቀይሮ የነፃነት ጎዳና ተባለ። በዚያው ዓመት ግን የሃርቬይ ማዕበል ጎርፍ የቢገርስን የ1953 ግድግዳ አበላሸው፤ ሻጋታ በላው፤ ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ ማስጠገን ነበረበት። በ2020 ደግሞ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት የተገደለው ጆርጅ ፍሎይድ የዚሁ የሰርድ ዋርድ ልጅ ነው። በጃክ ዬትስ፥ የነፃነት መናፈሻውን መሬት ባስገዛው ቄስ ስም በተሰየመው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ1993 ተመረቀ። የረድፍ ቤቶቹ ሥራ የተጀመረበት ዓመት ነው።

በሰፈሩ ኤልዶራዶ የሚባል የዳንስ አዳራሽ አለ። በ1939 ጥቁሮች ለነጭ ሳያጎነብሱ የሚጨፍሩበት ቦታ እንዲኖራቸው ብለው አና እና ክላረንስ ዱፕሪ የተባሉ ባልና ሚስት ያሠሩት ነው። በ1970ዎቹ ተዘጋ። በ1999 ባለቤቱ ለፕሮጀክቱ በስጦታ ሰጡት፤ ብዙ ተደክሞበት ታድሶ በ2023 እንደገና ተከፈተ። ከነፃነት መናፈሻው ፊት ለፊት ነው፤ ከአንዱ መስኮት ሆኖ ሌላው ይታያል።

ሪክ ሎው በ2018 የፕሮጀክቱን ሥራ ለሌሎች አስረክቦ ወጣ፤ ወደ ሥዕልም ተመለሰ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከጎረቤቶቹ ጋር ዶሚኖ ሲጫወት ኖሯል፤ ስብሰባ ላይ የማይነገረው ነገር የሚነገረው፥ ማን ኪራይ እንዳቃተው፥ የማን ልጅ እንደታሰረ የሚታወቀው በዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሁን የሚሥላቸው ሥዕሎች የዶሚኖው ሰንሰለት ጠረጴዛ ላይ እየታጠፈ የሚሄድበትን መስመር ተከትለው የተሠሩ ናቸው፤ ከላይ ሲያዩዋቸው የከተማ ካርታ ይመስላሉ። በ2022 በኒው ዮርክ ጋጎሲያን በሚባለው፥ በዓለም ከታወቁት የሥዕል ነጋዴዎች በአንዱ ቤት ታይተዋል። ያ ስሙ ያልተጻፈ የ1990 ተማሪ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎት ይሆናል። እነዚህን ሥዕሎች ቢያይ ምን ብሎ ይጠይቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።